«ጨው ብቻ ገዝቼ አሸነፍኩ»፦ ኮምቦልቻ ተሠርቶ ደሴ ላይ የተፈተነ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የኮምቦልቻ ወጣት የጠረጴዛ ጨዋታ ሠራች። ጓደኞቿ ወደዱላት። በሙያው የቆዩ አንድ የደሴ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ተጫውተውት ሲያበቁ «ይሄ ጨዋታ አይደለም» አሏት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ጨዋታው ከሥር መሠረቱ ተለወጠ፤ እሷም ሙያውን ተማረች። እኔ በፈተናው ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ተጫዋቾች አንዱ ነበርኩ። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ማስታወሻ መያዙም ማስላቱም ለእኔ ተተወ። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ግን ጠይቀዋል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የሰውየው ትችት የጠቀማት መራራ ስለሆነ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ዓይናችን እያየ የሆነ አንድ ነገር እየጠቆመ፣ መፍትሔውን ለእሷ ስለሚተውላት ነው። መፍትሔውንም ራሳቸው ባዘዙ ጊዜ ተሳስተዋል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ወጣቷ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ታቀናብራለች፤ ስለዚህ ካርቶን መቁረጥና ወረቀት ማጣበቅ እጇ ላይ ነው። የጨዋታው ሐሳብ የመጣላት ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው። ባቲ ቆላና ደጋ የሚገናኙባት ናት፦ አፋሩ ግመሉንና ጨዉን ይዞ ይመጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ገበታ ላይ ሣለችው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም መንገዱ በዚያች አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በእሷ ጨዋታ አራት ነጋዴዎች ባቲ ላይ በግመል ይጭናሉ፣ ሐረጎ ለግመል ስለማይመች ኮምቦልቻ ላይ ጭነቱን ወደ በቅሎ ያዛውራሉ፣ ደሴ ገበያ ሸጠው ብዙ ያተረፈው ያሸንፋል። ሐሳቡ ያኔም ዛሬም ያምረኛል።

ሰውየው የደሴ ተወላጅ ናቸው። ብዙ ዘመናቸውን ያሳለፉት ጀርመን አገር የጠረጴዛ ጨዋታ እየነደፉና ለአሳታሚዎች እየፈተሹ ነው፤ አሁን ደሴ ተመልሰው ሆጤ አካባቢ ይኖራሉ። ጀርመን በዚህ ሙያ የተለየች አገር ናት። የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይሰጥባታል፤ ኤሰን ከተማም በየዓመቱ ታላቅ የጨዋታ ትርኢት ታስተናግዳለች። ወጣቷ ሰውየውን ያገኘቻቸው በአጎቷ በኩል ነው፤ «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ «አንቺ» ይሏታል።

የመጀመሪያው ቅጂ 60 ቤት ያለው መንገድ ነበረው። ተጫዋች በተራው አንድ ዳይስ ይጥላል፣ የወጣለትን ያህል ይራመዳል፣ ያረፈበት ቤት የሚያዘውን ካርድ ያነሣል። «ሽፍታ ዘረፈህ፣ 20 ብር ክፈል»፣ «በቅሎህ ታመመች፣ አንድ ዙር እለፍ» የሚሉ ካርዶች ነበሩ። ገንዘቡ ያለቀበት ከጨዋታው ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወተው ሁሉም ስቋል፣ «ማሻ አላህ፣ ሸጋ ነው፣ አሳትሚው» ተብላለች። ከዚያ ምሽት ግን አንድም የሚሻሻል ነገር ይዛ አልተመለሰችም።

ደሴ ላይ ሰውየው ሦስት ነገር አስቀደሙ። ሳልጨርስ አልናገርም አሉ። ስንጫወት አታብራሪ፣ ስናገርም አትከራከሪ፣ ጻፊ አሉ። ሦስተኛው ሲኒ ነበር። ባዶ ሲኒ መሐል ላይ አኖሩና አንድ እፍኝ ሽምብራ አጠገቡ አፈሰሱ። ከእኛ ማንም ሰው በእርግጥ የመረጠ እንደሆነ፣ ይህን ላድርግ ወይስ ያን ብሎ ያሰበ እንደሆነ፣ አንድ ሽምብራ ሲኒው ውስጥ ይጥላል። ተጫወትን። አንዱ ገና በግማሽ ገንዘቡ አልቆ ወጣ፤ የቀረውን ጊዜ በመስኮት እያየ ተቀመጠ። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አበቃ። ሰውየው ሲኒውን ገለበጡት። አራት ሰው ተጫውቶ 11 ሽምብራ ነበረበት።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ሎተሪ ነው። ዳይሱ ተጫወተ፣ እኛ አየንለት» አሉ። «ገበጣ ላይ ዳይስ አለ? ዳማ ላይ አለ? ሕፃን ልጅ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት በእያንዳንዱ እጁ ይመርጣል። አንቺ ነጋዴ አድርገሽኛል፤ ነጋዴ ግን ምን ልግዛ፣ መቼ ልሽጥ ይላል። እኔ ዛሬ ምን አልኩ?»

ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው ርዝመቱን አስሉኝ። ስሌቱ እንዲህ ነው። የአንድ ዳይስ አማካይ 3.5 ነው። 60 ቤት ለ3.5 ሲካፈል ለአንድ ተጫዋች 17 ጊዜ ገደማ መጣል ይሆናል፤ ለአራት ሰው 68። አንዱ ተራ ካርድ ማንበብና ገንዘብ መክፈል ተጨምሮበት አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስድ 102 ደቂቃ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በተራዎቹ መካከል አራት ደቂቃ ተኩል ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው። ሰውየው ይህን ሳያሰሉ ዓይተውታል። ማስታወሻቸው ላይ «በሦስተኛው ዙር በስተቀኝ ያለው ልጅ ስልኩን አወጣ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ለምን እንዳወጣ አልጻፉም።

እሷ ለሳምንታት ጠፋች። ተከፍታ ነበር፤ ሐረጎን ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም ለሰውየው አበዙት ብዬ ነገርኳቸው። «የተናገርኩት ስለ ጨዋታው ነው። ስለ እሷ የተናገርኩት ቃል ካለ ማስታወሻህን ገልጠህ አሳየኝና ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉኝ። ገለጥኩ። ስለ ችሎታዋ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ ስለ ትምህርቷ አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረም። ያን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ላኩላት። ተመልሳ ስትመጣ አዲስ ገበታ ይዛ ነበር።

በአዲሱ ገበታ ላይ 60ው ቤት የለም። ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎና ደሴ አራት ማረፊያ ሆነዋል፤ ተጫዋቹ ምን እንደሚጭን፣ ስንት እንስሳ እንደሚከራይ፣ መቼ እንደሚነሣ ራሱ ይወስናል። ሥራ የመፍታቱን ችግር የፈታችበት መንገድ ግን እስካሁን ይደንቀኛል። ጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፦ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። እሷ ይህን ወስዳ የባቲን ጭነት ተራ የሌለው አደረገችው። ገበያው መሐል ላይ ይዘረጋል፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፣ ይጭናሉ፤ አንዱ «ተነሣሁ» ብሎ እስኪነሣ ድረስ። ቀድሞ የተነሣ ደሴ ሲደርስ ጥሩ ዋጋ ያገኛል፤ የዘገየ የበለጠ ይጭናል። አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጅ የነበረ ጥበቃ በዚህ ጠፋ። ሰውየው ይህን ክፍል ከተጫወቱ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ይሄን አትንኪው።»

ቀጣዩ ገበታ ለእኔ የጉዳዩ ልብ ነው።

የሸቀጡ ዋጋ ያኔ በሁለት ዳይስ ድምር ይወሰን ነበር። ጨው 7 ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ጤፍ 6፣ ቅቤ 8፣ ማር 4፣ ቡና 3፣ ቆዳ 11። በየዙሩ ዳይሱ ይጣላል፣ ቁጥሩ የወጣለት ሸቀጥ ለያዘው ሁሉ ይከፍላል። የሁሉም መግዣ እኩል፣ ክፍያውም እኩል ነበር። እኛ ሦስታችን እንደ ደንቡ ቀላቅለን ገዛን፤ ማርም ቡናም ያዝን። ሰውየው ባቲ ላይ ጨው ገዙ። በሚቀጥለው ጉዞ ጨው ገዙ። ቅቤ ሞልቶ ባለበት እንኳ ጨው ገዙ። የሚያስቡ እንኳ አይመስሉም ነበር። ሲያልቅ ከሁለተኛው ሰው እጥፍ ገንዘብ ነበራቸው።

«ጨው ብቻ ገዝቼ አሸነፍኩ» አሉ። «ሌላው ዕቃ ለጌጥ ነው? ለሚቀጥለው ስትመጪ ሁለት ዳይስ የሚወድቅባቸውን መንገዶች በሙሉ በእጅሽ ጽፈሽ አምጪ። ከስልክ እንዳትገለብጪ።»

ጻፈችው። 36 መንገድ ነው። 7 የሚመጣው በ6 መንገድ ነው፤ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በ5፤ 4 በ3፤ 3 እና 11 በ2። ስለዚህ ጨው የያዘ ቡና ከያዘው ሦስት እጥፍ ጊዜ ይከፈለዋል፤ በተመሳሳይ ዋጋ ገዝቶ። ይህን እኔ በአንድ ደቂቃ ላስረዳት እችል ነበር፣ ላስረዳትም ፈልጌ ነበር። ሰውየው ግን በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ ልክ ነበሩ። ዝርዝሩን በእጇ ከጻፈች በኋላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ያለበትን ነገር ሁሉ ሳታሰላ ገበታ ላይ አላወጣችም።

ዝርዝሩን ሲያዩ ሰውየው ከጀርመን ይዘውት የመጡትን ካታን አወጡ፤ ክላውስ ቶይበር ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ በዚያው ዓመት የጀርመኑን ሽልማት ያገኘ ጨዋታ ነው። ቁጥሮቹ በተጻፉባቸው ክቦች ላይ ያሉትን ነጥቦች አሳዩዋት። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ ነጥቡ ይበዛል፤ 6 እና 8 በቀይ ተጽፈዋል። 7 ክብ የለውም። በጣም የሚደጋገመው ቁጥር እህል አይሰጥም፤ ዘራፊውን ያንቀሳቅሳል። «እሱም ያው 36 ነው ያለው። ምን እንዳደረገበት እዪ» አሏት እንጂ አንቺም እንዲህ አድርጊ አላሏትም።

እሷም አላደረገችም። ዳይሱን ከገበያው አወጣችው። አሁን እያንዳንዱ ሸቀጥ የዋጋ መሰላል አለው። አንድ ሰው ደሴ ላይ ጨው ሲሸጥ የጨው ዋጋ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ በዚያ ዙር ማንም ያልሸጠው ሸቀጥ አንድ ደረጃ ይወጣል። ሁሉም ጨው ካመጣ የመጨረሻው ሻጭ በኪሳራ ይሸጣል። ይህን ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዳይሱ የቀረው አንድ ቦታ ነው፦ ሐረጎ ላይ፣ ጭጋግና ዝናብ በሚመጣበት። እዚያም ቢሆን ተጫዋቹ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ልውጣ ወይስ ልደር ብሎ ይመርጣል።

ቀጥሎ የተነሣው የቀደመ ሰው የማይደረስበት መሆኑ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ጥሩ የሸጠ ብዙ በቅሎ ይከራያል፣ ብዙ ይጭናል፣ የበለጠ ይሸጣል። በሁለተኛው ጉዞ ላይ አሸናፊው ይታወቃል፤ የቀረው ጊዜ ትርፍ ነው። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቋት፤ ከሞኖፖሊ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም ታሪኩን አጫወቱን። ኤሊዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያወጣችበት የባለርስቱ ጨዋታ የሞኖፖሊ እናት ነው። ማጊ ያሰበችው መሬት በጥቂቶች እጅ ሲገባ ኪራይ ከፋዩ እንዴት እንደሚደኸይ ማሳየት ነበር። የአንዱ መክበርና የሌሎቹ መክሰር እዚያ የጨዋታው መልእክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓርከር ብራዘርስ ሞኖፖሊ ብሎ ሲሸጠው ያ አካሄድ እንዳለ ቀረ። «እሷ የምትለው ነበራት፤ አንቺም በዚህ የምትዪው ካለሽ ተዪው። ከሌለሽ የሰው ንግግር ነው የደገምሽው» አሏት። ብዙ አሰበችበት። መጨረሻ ላይ በቅሎ መኖ እንዲበላ አደረገች፤ ሁለት በቅሎ ትንሽ፣ አምስት በቅሎ ግን እጅግ ብዙ። የከበረ አሁንም ይቀድማል፤ ግን ጭነቱን ካላወቀበት መኖው ይበላዋል።

የዝምታውን ፈተና በአጭሩ ልለፈው። የደንቡን ወረቀት ኮምቦልቻ ለሚገኙ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ሰጠች፤ እሷ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ እንድትናገር አልተፈቀደላትም። ተማሪዎቹ ግመል ይዘው ሐረጎን ወጡ። የክልከላው ደንብ በወረቀቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነበር፤ ሦስተኛ ገጽ ያነበበ አልነበረም። አሁን ኮምቦልቻ ላይ በገበታው በራሱ የተከለከለ ግመል ተሥሏል፣ ደንቡም በአንድ ገጽ አልቋል።

አሁን ወደ ጠቡ። ጨዋታው እዚህ ሲደርስ አሁንም 110 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እሷ መለኪያ አድርጋ የያዘችው ቡና ነው፦ አቦል ሲቀዳ የተጀመረ በረካ ሲጠጣ ማለቅ አለበት፣ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚቀመጠው ያኔ ነውና። ሰውየው ርዝመቱ የመጣው ከድርድሩ ነው አሉ። ኮምቦልቻ ላይ ተጫዋቾች በበቅሎ ኪራይ ይከራከራሉ፣ ሸቀጥ ይለዋወጣሉ፣ «ወላሂ ከዚህ በታች አልሸጥም» ይባባላሉ። «ድርድሩ አንድ ደቂቃ ይሁን፣ የአሸዋ ሰዓት አኑሪ» ብለው አዘዙ። ያን ቀን ጥያቄ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር።

ሰዓቱን አስገባች፤ ኮምቦልቻ ላይ አንዴ ከሰዓቱ ጋር፣ አንዴ ያለ ሰዓቱ አጫወተች። እኔ በስልክ ጊዜውን ያዝኩ። ከሰዓቱ ጋር ጨዋታው ያጠረው በጥቂት ደቂቃ ነው፤ ድርድሩ ግን ሞተ። ሰዎቹ በአሸዋው ላይ አፍጥጠው ዝም አሉ፣ መለዋወጥ ቀረ፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ወጣ። ያለ ሰዓቱ በተጫወቱት ጊዜ ደግሞ ድርድሩ 30 ደቂቃ ያህል ሲወስድ የወረቀት ገንዘብ መቁጠርና መልስ መስጠት 35 ደቂቃ በላ። አምስት ብር ለሌለው ሰው መልስ ሲፈለግ፣ አንዱ ለሌላው ሲዘረዝር፣ የባንኩ ኃላፊ ሲሳሳት። ሕመሙ ያለው እዚያ ነው። የወረቀቱን ገንዘብ በሙሉ አወጣችና በገበታው ጠርዝ ዙሪያ ቁጥር ጻፈች፤ የተጫዋቹ ሀብት በአንድ ቆርኪ ይለካል፣ ሲያተርፍ ወደ ፊት፣ ሲከፍል ወደ ኋላ። ጨዋታው 70 ደቂቃ ገባ።

ሁለቱን የጊዜ መዝገቦች ደሴ ይዛ ሄደች። ፊታቸው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ የረዘመው በድርድሩ አይደለም» አለቻቸው። ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ያለ ሰዓቱ ተጫወትን፤ እሳቸውም በአንድ በቅሎ ላይ ከእኔ ጋር ሲከራከሩ ድምፃቸው ከፍ አለ። ሲያበቃ «ልክ ነሽ። ሰዓቱን አውጪው» አሉ።

ይህን ክስተት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ጨዋታው ረዝሟል ባሉት ትክክል ነበሩ፤ ማንም ሌላ ሰው ያን ያህል በግልጽ አልነገራትም። መድኃኒቱን ሲያዙ ግን የለመዱትን ገበታ አሰቡ። እዚያ ለድርድር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ንግግሩም ቁጥብ ነው። ወሎ ውስጥ ዋጋ መከራከር ራሱ ደስታ ነው፤ ሰው ለመግዛት ያህል ለመጨዋወትም ገበያ ይወጣል። እሷ ይህን ታውቃለች፣ ነገር ግን «እኔ እንደሚመስለኝ» ብላ ብትሄድ ኖሮ አይሰሟትም ነበር፤ ሊሰሟትም አይገባም ነበር። ራሳቸው ያስተማሯትን ይዛ ሄደች፦ ጠረጴዛው ላይ የሆነውን። ያን ዕለት ተማሪ መሆኗ ያበቃ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ትችት ለመስጠት ለሚያስብ ሰው የእኔ ምክር ሰውየው የከፈሉትን ዋጋ እንዲያይ ነው። አንድም ገበታ በግማሽ አልተዉም፤ አሰልቺውን ቅጂ ሳይቀር እስከ መጨረሻው ተጫውተዋል። ማስታወሻቸው ሁልጊዜ ጊዜና ድርጊት አለው፦ በዚህ ዙር፣ ይህ ሰው፣ ይህን አደረገ። «አልወደድኩትም» የሚል ቃል አንድ ጊዜ አልጻፉም። ሳይጫወቱ፣ ሳያዩ፣ ሳይጽፉ በድፍረት ብቻ የሚናገሩ ሰዎችም በፈተናው ጠረጴዛ ዙሪያ አልፈዋል፤ ከእነሱ ንግግር ገበታው ላይ የቀረ የለም።

በአሁኑ ሰዓት ጨዋታው ለሦስትና ለአራት ሰው ይሠራል። ለሁለት ሰው ግን አይሠራም፤ ድርድሩ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን አንዱ የሰጠው ሁሉ የሌላው ትርፍ ስለሆነ ማንም ምንም አይለዋወጥም። እሷ ማንም የማይጫወትበት፣ በካርድ የሚመራ ሦስተኛ ነጋዴ ለመጨመር እየሞከረች ነው። ሰውየው የመጀመሪያውን ሙከራ ተጫውተው «ሦስተኛው ሰውዬ በድን ነው፤ ዋጋ አይከራከርም» ብለዋል። ካርዶቹን እንደገና እየጻፈች ነው፤ የሚቀጥለው ገበታ ኮምቦልቻ፣ ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ነው።